ከባግፓይፑ በፊት ይህችን ቻንተር ግዙ

ስኮትላንድ፣ ግላስጎው ውስጥ የከተማ አውቶቡስ እነዳለሁ። ቦርሳዬ ውስጥ ከምሳ ዕቃዬ ጎን አንዲት ጥቁር ቱቦ አትጠፋም። ርዝመቷ አንድ ክንድ ቢሆን ነው። ባግፓይፕ ለተባለው የስኮትላንዶች ባለ ከረጢት የትንፋሽ መሣሪያ መለማመጃ ናት፤ እዚህ ፕራክቲስ ቻንተር ይሏታል። ከገዛኋት ስምንት ዓመት ሆነ። ሰሞኑን ልጆቻቸው ትምህርት ቤት ባግፓይፕ የጀመሩላቸው ሐበሾች እየደወሉ "የቱን እንግዛ?" ይሉኛል። ለእያንዳንዱ በስልክ ከማስረዳ አንዴ ልጻፈው ብዬ ነው።

ግን ስለ ቻንተሯ ስጽፍ ያስገዙኝን ሰው መዝለል አልችልም። የካቲት ላይ አረፉ። 81 ዓመታቸው ነበር። ቤተሰባቸው ስማቸው እንዲነሳ ስለማይፈልግ እኔ በምጠራቸው ልጥራቸው፤ የኔታ። 34 ዓመት ኬሚስትሪ አስተምረው ጡረታ የወጡ፣ ከሰባት ዓመታቸው ጀምሮ ባግፓይፕ የነፉ ሰው ነበሩ። "የኔታ" ምን ማለት እንደሆነ የነገርኳቸው ቀን ዝም ብለው ቆዩና ማስታወሻቸው ላይ በኛ ፊደል እንድጽፍላቸው ጠየቁኝ። ጻፍኩላቸው። ከሥሩ በቀይ እርሳስ ቀኑን አሰፈሩ።

የምኖርበት ሕንፃ አሮጌ የድንጋይ ፎቅ ነው። ስምንት ቤት አንድ ደረጃ ይጋራል። የገባሁ ሰሞን በየቀኑ አስር ሰዓት ሲሆን ከላይ ድምፅ ይመጣል። ባግፓይፕ ከ100 ዴሲቤል በላይ የሚጮህ መሣሪያ ነው፤ ግድግዳ አያግደውም። እኔን ግን አልረበሸኝም። ልጅ ሆኜ ክረምቱን ጎጃም አያቴ ዘንድ ነበር የማሳልፈው። እረኞች ጋ ዋሽንት ለምጃለሁ። አገር ከለቀቅሁ በኋላ በቤቴ ውስጥ ሰው ሲነፋ የሰማሁት ያኔ ነው፤ ከጣራ በላይም ቢሆን።

አንድ ቀን ወጥቼ አንኳኳሁ። ከፍተው ገና ሳልናገር "ይቅርታ፣ አሁን ላቆም ነው" አሉኝ። ልቆጣ የመጣሁ መስሏቸው ነው። "አይደለም፣ ያስተምሩኝ እንደሆነ ልጠይቅ ነው" አልኳቸው። እጄን አዩ። ፊቴን ሳይሆን እጄን። ከዚያ "ግባ ልጄ" ብለው ሻይ ጣዱ። ግላስጎው ውስጥ ሽማግሌ ወጣቱን "ልጄ" ይለዋል፤ ይሄ እንኳን ከኛ አገር አልራቀም።

አሁን ስህተቴን ልንገራችሁ፤ እናንተ እንዳትደግሙት። በዚያው ሳምንት ቸኮልኩና ከኢንተርኔት ሙሉ ባግፓይፕ አዘዝኩ። 120 ፓውንድ። ከረጢቱ ቀይ ባለመስመር ልብስ የለበሰ፣ ጫፍ ጫፉ የሚያብረቀርቅ፣ ሲያዩት የሚያስጎመጅ ነበር። የኔታ ወጥ ቤት ጠረጴዛቸው ላይ ዘርግተው አንድ በአንድ ፈቱት። እንደ ኬሚስትሪ መምህር ነው የመረመሩት። ቱቦውን በአንድ ጫፍ ደፍነው በሌላው ነፉ። አየሩ በጎን ያመልጣል። ቀዳዳዎቹን በማስመሪያ ለኩ። ቦታቸው ላይ አልነበሩም። ቀስ ብለው መልሰው ገጣጠሙትና "ግድግዳ ላይ ያምራል" አሉኝ። ሻጩ ገንዘቤን አልመለሰም። አዲስ ደህና ባግፓይፕ አንድ ሺህ ፓውንድና ከዚያ በላይ ይጠይቃል። በ120 የሚመጣው ጌጥ ነው። ልጃችሁ ያን ይዞ ቢጀምር የሚቀረው በራሱ ስንፍና ይመስለዋል፤ ይሄ ነው እኔን የሚያናድደኝ።

ቅዳሜ ጠዋት የኔታ በሰብዌይ፣ በከተማዋ የምድር ውስጥ ባቡር፣ ይዘውኝ ወጡ። የመጀመሪያዋን እውነተኛ ቻንተሬን ገዛሁ። ከ70 ፓውንድ አልበለጠችም። ከጠንካራ ጥቁር ፕላስቲክ የተሠራች፣ ረጅሟ ዓይነት ናት።

ምን እንደምትመስል ላስረዳ። ሁለት ቁራጭ ናት። የላይኛው የሚነፋበት፣ የታችኛው ቀዳዳዎቹ ያሉበት። መገጣጠሚያው ላይ አየር እንዳያስወጣ ክር ይጠመጠማል። ስትለያዩዋት መሃል ላይ ትንሽ ባለ ሁለት ምላስ ፕላስቲክ ተሰክታ ታገኛላችሁ። ሪድ ይሏታል። ድምፁን የምትሰጠው እሷ ናት፤ ከንፈር ግን አይነካትም፤ ተሸፍና ነው የምትቀመጠው። ከፊት ሰባት ቀዳዳ፣ ከኋላ ለአውራ ጣት አንድ። የሚወጣው ዘጠኝ ኖታ ብቻ ነው።

ዘጠኝ ኖታ ሲባል ቀላል ይመስላል። ነገሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ባግፓይፕ ድምፅ መጨመርም መቀነስም አይችልም። አንዴ ከጀመረ አይቆምም፤ ከረጢቱ እስከተጫነ ድረስ ይጮኻል። ታዲያ አንድ ኖታ ሁለቴ ልትነፉ ብትፈልጉ እንዴት ትለያዩታላችሁ? ሌላ ጣት ለዓይን ጥቅሻ ያህል ብድግ ብሎ መሃላቸው ይገባል። ግሬስ ኖት ይሉታል። የስኮትላንድ ፓይፕ ሙያው በሙሉ ያለው በነዚያ ቅጽበቶች ነው። ትንሿ ጣት ከታች ሁለቴ የምትመታበት አለ፤ ብርል ይባላል። ብርልን ለማስተካከል ሰባት ወር ፈጀብኝ። ከረጢቱን ብብት ሥር አድርጎ፣ ሦስቱን ትላልቅ ቱቦዎች ትከሻ ላይ አቁሞ ይህን መማር የሚችል የለም። ለዚህ ነው ቻንተሯ የተሠራችው። ጣት ብቻ ታስተምራለች።

ዋሽንት የነፋ ሰው ደግሞ የራሱ ፈተና አለበት። ዋሽንት ላይ ጣት ይንሸራተታል፤ ድምፁ ይለሰልሳል፤ ውበቱም እሱ ነው። ቀዳዳውን የምንደፍነውም በጣት ጫፍ ነው። እዚህ የቀኝ እጅ ጣቶች ቀጥ ብለው ይተኛሉ፤ ቀዳዳው ላይ የሚያርፈው ጫፉ ሳይሆን የመሃለኛው አንጓ ሥጋ ነው። ሁለት ጣት እኩል ካልተነሳ በመሃል ያልተጠራ ኖታ ሲጥ ይላል። የኔታ ያን ድምፅ ሲሰሙ ዓይናቸውን ጨፈን ያደርጉ ነበር። አይቆጡም። ጣታቸውን ብቻ ወደ መጀመሪያው ይጠቁማሉ። እንደገና። እንደገና። አንድ ምሽት አንዲት መስመር አርባ ጊዜ አስነፉኝ። አርባኛውን ስጨርስ "አሁን የመጀመሪያህን ነፋህ" አሉ።

ዋሽንቴን ማየት ፈለጉ። አወጣሁላቸው። ሸምበቆውን አገላብጠው አሸተቱት። ሪድ የሌለው መሣሪያ እንዴት ድምፅ እንደሚሰጥ ገብቷቸዋል፤ የአየሩን ነገር ከእኔ የተሻለ ያውቁታል። ከንፈራቸው ግን እሺ አላላቸውም። ግማሽ ሰዓት ነፉ፤ ነፋስ ብቻ። ዋሽንቱን ለሳምንት እንዳውሳቸው ለመኑኝ። ሦስት ሳምንት አቆዩት። በሦስተኛው ሳምንት ስገባ ምንም ሳይሉ አንስተው አንዲት ድምፅ አወጡ። ረጅም፣ የጠራች። ባለቤታቸውን ከጓዳ ጠርተው ደገሙላቸው። በሕይወቴ እንደዚያ የተደሰተ የ74 ዓመት ሰው አላየሁም።

ወደ ቻንተሯ ልመለስ። የምወድላት ትልቁ ነገር ጸጥታዋ ነው። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ስለሆነ ጎረቤት አያማርርም። አውቶቡሱን የመጨረሻው ፌርማታ ላይ ሳቆም አስር አስራ ሁለት ደቂቃ አገኛለሁ። በሩን ዘግቼ እለማመዳለሁ። የኔታ ያወጡልኝ ሕግ በቀን 15 ደቂቃ ነበር። እሑድ ሁለት ሰዓት ነፍቶ ሳምንቱን የሚተኛ ተማሪ አይወዱም። ከረጢት ያስነኩኝ ከአንድ ዓመት በኋላ ነው። እኔም ለጠየቀኝ ሁሉ ይህንኑ ነው የምለው። መጀመሪያ ዓመቱን በቻንተር።

ጉድለቷን አልደብቅም። ውሃ ታጠራቅማለች። ሃያ ደቂቃ ከነፋችሁ ትንፋሻችሁ ውስጧ ይቀዘቅዝና ድምፅዋ መንቦጫረቅ ይጀምራል። አውጥታችሁ አራግፉ፤ ሪዷን በለስላሳ ጨርቅ አድርቁ። ሪዷ በጣም ወደ ታች ከተሰካች የላይኞቹ ኖታዎች ከልክ በላይ ይቀጥናሉ። ትንሽ፣ የጥፍር ያህል ሳብ አድርጓት። ሁለተኛ ደግሞ ከረጢት ስለሌላት ትንፋሽ ሲያልቅ ዜማው ይቋረጣል። ልጆች በዚህ ይበሳጫሉ። የኔታ "ዓረፍተ ነገሩ ሲያልቅ ተንፍስ፤ ቃል መሃል ላይ አትተንፍስ" ይሉኝ ነበር። ዜማውን እንደ ንግግር መስማት የጀመርኩት ከዚያ ወዲህ ነው።

ጽዳቷን ችላ አትበሉ። በ2016 (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆቹ ነው) ቶራክስ የተባለው የሕክምና መጽሔት ባግፓይፕ በየቀኑ ይነፋ የነበረ አንድ ሰው በሳንባ ሕመም መሞቱን ጽፏል። መሣሪያው ውስጥ ሻጋታና ሌላ ፈንገስ ተገኝቶ ነበር። የኔታ ዜናውን ከጋዜጣ ቆርጠው የቁም ሳጥናቸው በር ውስጥ ለጥፈውት ነበር። ማንም ተማሪ ቻንተሩን ሳያደርቅ ከቤታቸው አይወጣም ነበር። ሪዷን አውጥታችሁ ቱቦዎቹን ለብ ባለ ውሃና ሳሙና እጠቧቸው፤ ፕላስቲክ ስለሆነች አትጎዳም። የእንጨቷን ግን እንዲህ አታድርጉ።

በዚያ ቅዳሜ ወደ ናሽናል ፓይፒንግ ሴንተር፣ ወደ ባግፓይፕ ማዕከሉም፣ ገብተን ነበር። ካውካደንስ የተባለ ሰፈር ነው፤ ድሮ ቤተ ክርስቲያን የነበረ ሕንፃ ውስጥ በ1996 የተከፈተ። ሙዚየም አለው። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ። የኔታ ሌላውን ሁሉ አልፈው አንድ መስታወት ፊት አቆሙኝ። ውስጡ አንድ አሮጌ ቻንተር ነበር። የኢያን ዳል ማካይ ነው። ዳል በጌሊክ፣ በስኮትላንድ ደጋ ሰዎች ቋንቋ፣ ዓይነ ስውር ማለት ነው። በ17ኛውና በ18ኛው መቶ ዘመን የኖረ፣ ጌርሎክ የተባለ የደጋ አገር ፓይፐር፣ ማለትም ባግፓይፕ ነፊ፣ ነበር። እስከ ዛሬ ከተረፉት የስኮትላንድ ደጋ ባግፓይፕ ቻንተሮች ሁሉ የሱ ቀዳሚው ነው ይባላል። ዘሮቹ ወደ ካናዳ፣ ኖቫ ስኮሺያ ሲሰደዱ ይዘውት ሄዱ። ከትውልዶች በኋላ ነው ወደ አገሩ የተመለሰው። የኔታ ቆባቸውን አውልቀው ቆሙ። እኔም ዝም አልኩ። አገሩን ጥሎ የሄደ ሰው ዕቃው ውስጥ ምን እንደሚከት አውቃለሁ።

ያን ዕለት ስንመለስ ሰብዌዩ ውስጥ በቃላቸው ዜማ አሉልኝ። ግጥም የለውም። "ሂሃሪን፣ ሆዲን" እያለ ይሄዳል። ድሮ ፓይፐሮች ኖታ ሳይጽፉ ደቀ መዝሙር የሚያስተምሩት እንዲህ ነበር። እያንዳንዱ ድምፅ የጣቱን እንቅስቃሴ ይነግራል። ካንታራክ ይሉታል። እኔ ከመቀመጫዬ ልነሳ ምንም አልቀረኝም። ይሄ እኮ ዜማ ቤት ነው! መሪው ያለውን ተማሪው እየተቀበለ፣ መጀመሪያ በጆሮና በአፍ፣ መጽሐፉ በኋላ። አጎቴ ድጓ የተማረው እንዲህ ነው። ቃላቱ ላይ ስለሚጻፉት ምልክቶች፣ አንዱ ፊደል ሙሉ የዜማ ሐረግ እንደሚያስታውስ ነገርኳቸው። ፌርማታችንን አለፍን። ግላስጎው ሰብዌይ ክብ ነው፤ ደግሞ ዞሮ መለሰን። በዙሩ ሙሉ እሳቸው ያዜማሉ፣ እኔ እቀበላለሁ።

የራሳቸው ባግፓይፕ የአባታቸው ነበር። አፍሪካን ብላክውድ ከተባለው ጥቁር ከባድ እንጨት የተሠራ። ዛሬም ጥሩ ባግፓይፕ ከዚሁ ነው የሚሠራው። እንጨቱ የሚመጣው በአብዛኛው ከታንዛኒያና ከሞዛምቢክ ነው። ውሃ ውስጥ ቢጥሉት ይሰምጣል። አንድ ቀን የዕፅዋት መጽሐፍ ከቤተ መጻሕፍት ተውሰው ጠበቁኝ። ዛፉ በኢትዮጵያ ቆላዎችም እንደሚበቅል አሳዩኝ፤ በጣታቸው መስመሩ ላይ ሄዱ። ከዚያ ትልቁን ቱቦ ነቅለው መዳፌ ላይ አስቀመጡት። ቀዝቃዛና ከባድ ነበር። "ይሄ ለኔ ቤት ሳይሆን ላንተ ቤት ነው የሚቀርበው" አሉኝ። እኔ ከዚያ በፊት ስለ ስኮትላንድ መሣሪያ ሳስብ እንግዳ ነበርኩ።

አሮጌ ባግፓይፕ ለምትገዙ አንድ ነገር። ቀለበቶቹ የዝሆን ጥርስ ሊሆኑ ይችላሉ። ከ2022 ወዲህ እዚህ አገር የዝሆን ጥርስ ያለበትን ዕቃ ለመሸጥ ሕጉ ጥብቅ ነው፤ ከ1975 በፊት የተሠራ የሙዚቃ መሣሪያም ቢሆን መመዝገብ አለበት። ሻጩን ምዝገባውን ጠይቁት።

የኔታ ሲያርፉ ሴት ልጃቸው ደወለችልኝ። ሥራ ላይ ነበርኩ። እንደኛ አገር በነጋታው ቀብር፣ ከዚያ ሦስት ቀን ሰው ይሞላል ብዬ ነበር የጠበቅሁት። እዚህ ቀብሩ ሁለት ሳምንት ቆየ። ደረጃው ጸጥ አለ። አስር ሰዓት ይመጣል፣ ምንም አይሰማም። ሆዴ አልችል አለ። ባለቤቴ ድፎ ዳቦ ጋገረች፤ ይዘን ወጣን። በሁለተኛውም በሦስተኛውም ቀን ወጣን። ምን ማለት እንዳለብን አናውቅም፤ ዝም ብለን ተቀመጥን። በመጀመሪያው ቀን ባለቤታቸው ግራ ተጋብተው ነበር። በሦስተኛው ቀን በሩን ክፍት አድርገው ጠበቁን፤ ሻዩም ቀርቦ ነበር።

በቀብሩ ዕለት የድሮ ተማሪያቸው ነፋላቸው። አሁን ጎልማሳ ሰው ነው። በ1513 ስኮትላንዶች ከእንግሊዝ ጋር በተዋጉበት በፍሎደን ጦር ሜዳ ላይ ለወደቁት የሚነፋ አሮጌ የሙሾ ዜማ አለ። ብዙ ፓይፐሮች ከቀብርና ከመታሰቢያ ውጪ በሰው ፊት አይነፉትም። የኔታም አስተምረውኝ አያውቁም። ዜማውን ብቻ በለሆሳስ አሰሙኝ፤ በቻንተር። ከላይ እንዳልኳችሁ ባግፓይፕ ድምፅ መቀነስ አይችልም። ስለዚህ ፓይፐሩ ራሱ ይሄዳል። ሳጥኑ ፊት ቆሞ ጀመረ፤ ከዚያ ጀርባውን ሰጥቶን በጠጠሩ መንገድ፣ በዛፎቹ መሃል ቀስ እያለ ራቀ። ድምፁ አነሰ፣ አነሰ። መቼ እንዳበቃ አላውቅም። ነፋሱን ነው ስሰማ የነበርኩት። ከዚያ ሆቴል ገብተን የሥጋ ፓይ በላን፤ የቀብር ምግባቸው ነው።

ባግፓይፑን ልጃቸው ወሰደች። የኔታ ራሳቸው ይለማመዱባት የነበረችውን የእንጨት ቻንተር ግን ባለቤታቸው ለኔ ልጅ ሰጧት። ልጄ 11 ዓመቷ ነው። ከብላክውድ የተሠራች ናት፤ ድምፅዋ ከፕላስቲኳ ይሞቃል፣ ይወፍራል። ቢሆንም ለጀማሪ የእንጨት እንድትገዙ አልመክርም። ማሞቂያ አጠገብ ከተቀመጠች ትሰነጠቃለች፤ ዋጋዋም እጥፍና ከዚያ በላይ ነው። ለአዋቂ ረጅሟን ፕላስቲክ ግዙ። ጣቱ ትንሽ ለሆነ ልጅ አጭሯን። የጣት ቀዳዳዎቹ አፍ ጎድጎድ ያለ ከሆነ ጣት ቶሎ ቦታውን ያገኛል፤ ሱቅ ውስጥ በእጃችሁ ሞክሩት። ትርፍ ሪድ ሁለት ጨምሩ። ለመገጣጠሚያው ቢጫ የሄምፕ ክርም ያዙ፤ ክሩ በዓመት በዓመት ይላላል፣ በሰም አሽታችሁ እንደገና ትጠመጥሙታላችሁ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

የልጄ ቻንተር ላይ ያለው ክር የኔታ የጠመጠሙት ነው። መጨረሻውን በትንሽ ቋጠሮ አስረው በጥፍራቸው ጨቁነውታል፤ ጭቁኑ አሁንም ይታያል። ክሩ ላልቷል። አየር ያስወጣል፤ ዝቅተኛዋ ኖታ ላይ በደንብ ይሰማል። አዲሱን ክር ገዝቼ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ።